የባል ውጤት በሚስት ስም

በሠርግ ዕለት ሽማግሌዎች «ውለዱ ክበዱ» ብለው የሚመርቁት ሁለቱንም ነው። ዓመት ሲሞላ ግን ምርቃቱ ወደ ጥያቄ ይለወጣል፤ የምትጠየቀውም ሚስት ብቻ ናት፦ «ምነው ዝም አልሽ?» ባልየውን እንዲህ ብሎ የሚያፋጥጠው ብዙም የለም። ቋንቋችንም አያግዝም። «መካን» ሲባል ቀድማ በሐሳባችን የምትመጣው ሴት ናት፤ «በቅሎ» የሚለው ስድብም የሚወረወረው ወደ እሷ ነው። በጸሎታችንም የሚከፈተው ማኅፀን ነው።

ሕክምናው የሚለው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ6 ጎልማሶች 1ዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ከሚቸገሩት ጥንዶች ግማሽ በሚጠጉት ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል፦ በቆለጥ ዙሪያ ያበጡ ደም ሥሮች፣ ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ በወቅቱ ያልታከመ ጨብጥ፣ አንዳንዴም ምክንያቱ የማይታወቅ። ብዙ ወንዶች ግን መውለድ አለመቻልን ከስንፈተ ወሲብ ጋር ያምታቱታል። የዘር ፈሳሹ አንድም የዘር ሕዋስ ባይኖረው በዓይን ሲታይ ያው ስለሆነ፣ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት ይቀላቸዋል።

ችግሩ የባል መሆኑ ሲረጋገጥ የሚስት ሸክም የሚቀል ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይብሳል፤ እስከዚያ ቀን የተጫናት ወቀሳ ነበር፣ አሁን ምስጢር ተጨመረበት። «ለማንም እንዳትነግሪ» ተብላለች። አማቷ ልጅ እንድትወልድ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለውላታል፤ ጸበልም ያመጡላታል። «አይ እማማ፣ እኔ ምንም የለብኝም» ማለት ባሏን አሳልፎ መስጠት ስለሆነ ዝም ብላ ትጠጣለች። የባሏ የምርመራ ውጤት አራት ቦታ ታጥፎ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ጎረቤት ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ገብታ ገንፎ ትቀምሳለች፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች በልጆቻቸው ስም «የእገሌ እናት» እየተባሉ ሲጠሩ ትሰማለች። ባሏን ትወደዋለች፣ ታዝንለታለች፣ ትናደድበታለች። «ሌላ ሰው አግብቼ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ሽው ሲልባት ደግሞ ራሷን ትጸየፋለች። በእኔ ግምት ከልጅ ማጣቱ ይልቅ የሚያደክማት ለገዛ እናቷ ሳይቀር መዋሸቱ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ማርሲያ ኢንሆርን በግብፅ ለዓመታት ባደረገችው ጥናት፣ ችግሩ የባል መሆኑን እያወቁ ወቀሳውን በራሳቸው ስም የሚቀበሉ ሚስቶችን አግኝታለች። እዚያ ሰዎች የወንድ ዘር ሕዋስን «ትል» ይሉታል፤ የባል «ትሎች» ቢደክሙም ጣት የሚቀሰረው ወደ ሚስት ነው። ከዚህ የከፋም አስተውላለች። እ.ኤ.አ. በ1992 ብራስልስ ላይ ይፋ የሆነው፣ አንድ የዘር ሕዋስ በመርፌ ወደ እንቁላል የሚያስገባው የ«ኢክሲ» ሕክምና ዘሩ ለደከመ ወንድ ተስፋ ሰጠ። ለዓመታት ምስጢሩን ጠብቃ የቆየች ሚስት ግን በዚያ ጊዜ ዕድሜዋ ገፍቶ እንቁላሏ ሊደክም ይችላል፤ አንዳንዱ ባልም ወጣት ፍለጋ ይሄዳል።

ሕክምናው ራሱ ቢሆን ሆርሞን የሚወጋው የሴቷ ጤነኛ አካል ነው፤ እንቁላል የሚቀዳውም ከዚያው ነው። በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል በቅዱስ ጳውሎስ በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ጥንዶቹ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት በየክሊኒኩ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል፦ ሴቲቱ አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ምርመራና የሚያመውን የማኅፀን ቱቦ ራጅ ጨርሳ ካርዷ ሲወፍር፣ ባልየው ገና ያልተጠራበት ጊዜ ብዙ ነው። በመጀመሪያው ቀን የምርመራ ማዘዣው በሁለቱም ስም መጻፍ አለበት። የወንዱ ምርመራ የሚጠይቀው ከ2 እስከ 7 ቀን መታቀብና አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው።