የለንደኑ ብሔራዊ ጋለሪና ለጋሾቹ

የለንደኑ ብሔራዊ ጋለሪ መነሻው የቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1824 መንግሥት የሟቹን ባለሀብት የጆን ጁሊየስ አንገርስታይንን 38 ሥዕሎች በ57 ሺህ ፓውንድ ገዝቶ እዚያው በሰውዬው መኖሪያ ቤት ለሕዝብ ከፈተ። ለግዢው የገፋፋው ግን ስጦታ ነው፤ ሰር ጆርጅ ቦሞንት ተስማሚ ቤት ከተገኘ ሥዕሎቹን እንደሚለግስ ቀድሞ ቃል ገብቶ ነበር። በ1826 ቃሉን ፈጸመ። አጋርንና መልአኩን ከምታሳየው የክሎድ ሎሬን ትንሽ ሥዕል መለየት ግን አልሆነለትም። ጉዞ ሲወጣ እንኳ ይዟት የሚሄድ ሰው ስለነበር፣ በሕይወት እስካለ ድረስ እንድትቆይለት ጠይቆ መልሶ ወሰዳት። ወደ ጋለሪው የገባችው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

በ1831 የቄስ ሆልዌል ካር ኑዛዜ 35 ሥዕሎች ጨመረ። ትልቁ ውርስ ግን የሠዓሊው ተርነር ነው፤ አስቸጋሪውም እሱ ነበር። ተርነር ሁለት ሥዕሎቹ ከክሎድ ሥራዎች ጎን እንዲሰቀሉ ተናዟል፤ ትሕትና የሚሉት ነገር አይደለም። ዘመዶቹ በኑዛዜው ተከራከሩ፤ ሙግቱ በ1856 ሲቋጭ በእጁ የነበሩት የራሱ ሥራዎች በሙሉ፣ ወደ 300 የሚጠጉ የቀለም ቅብ ሥዕሎችና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ንድፎች፣ ለአገር ተወሰኑ። አብዛኞቹ ዛሬ ቴት ብሪተን ይገኛሉ፤ ሁለቱ ግን በኑዛዜው መሠረት በብሔራዊ ጋለሪው ከክሎድ ጎን ተሰቅለዋል።