ከዓለሙ ስምምነት የሰፋው የእኛ አንቀጽ

እ.ኤ.አ. በ2022 እዚህ ስቶክሆልም ያለ ፍርድ ቤት፣ በ1988ቱ የኢራን የፖለቲካ እስረኞች ጭፍጨፋ ተሳትፏል ባለው ሰው ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ። ወንጀሉ ግን የጦር ወንጀልና ግድያ እንጂ ዘር ማጥፋት አልተባለም። የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት የፖለቲካ ቡድኖችን ከጥበቃው አስቀርቷል።

የእኛ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 እነሱንም አካቷል። የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባሉት በዚሁ ነው። የ1997ቱ ሕግም በአንቀጽ 269 አጽንቶታል። በአንጻሩ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 የጠቀሰውን በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ለብቻው ሳይደነግገው ቀርቷል።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። በሙያችን ደረጃ ማለት ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ከሱ በላይ መሥራት አይከለከልም። ስለዚህ ሕጋችንን ከዓለሙ ጋር እናጣጥም የምትሉ ወገኖች፣ የጎደለውን ሙሉ፤ የተረፈውን ግን አትቁረጡ። የቀይ ሽብር ሰለባዎች የተገደሉት በፖለቲካ አቋማቸው ነውና።