«ደህና እየሄደ ለምን አስነካዋለሁ?» የሪኮል አጭር ታሪክ

ወዳጆቼና የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በፕሪየስ ታክሲ የምትሠሩ፣ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የሪኮል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙዎቻችሁ የምትሉት ተመሳሳይ ነው፦ «መኪናው አርጅቷል፣ ግን ደህና ይሄዳል። ዲለር ጋ ስገተር የአንድ ቀን ሥራ ይቀርብኛል።» እውነት ነው፣ የአንድ ቀን ገቢ ቀልድ አይደለም። እኔ ደግሞ መካኒክ ሳልሆን የታሪክ መምህር ነኝ። ግን ነገሩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ካወቅነው ውሳኔው ይቀላል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሪኮል ማለት በተሸጠ መኪና ላይ የደህንነት ጉድለት ሲገኝ ኩባንያው ባለቤቱን ጠርቶ በራሱ ወጪ የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። ድሮ እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረም። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ በዓመት 50 ሺህ ገደማ ሰው በመኪና አደጋ ይሞት ነበር፤ ኩባንያዎቹ ግን ጥፋቱን የሚያሳብቡት በሾፌሩ ላይ ነበር። በ1965 ራልፍ ኔደር የሚባል የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ፣ ገና የ31 ዓመት ጠበቃ፣ አደጋው ከመኪኖቹ አሠራርም ይመጣል የሚል መጽሐፍ አወጣ። ጄኔራል ሞተርስ ምን አደረገ? የግል መርማሪ ቀጥሮ አስከተለው፤ ነውር ቢገኝበት ብሎ ኑሮውን አስጠና። ነገሩ ሲጋለጥ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮች በማርች 1966 ሴኔት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የመኪና ደህንነት ሕጉን ፈረሙ።

ልብ በሉ፣ የ1966ቱ ሕግ ኩባንያውን ያስገደደው ጉድለቱን እንዲያሳውቅ ነው። «መኪናህ ችግር አለበት» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ የማሠሪያው ግን ጣጣው ያንተ ሊሆን ይችላል። በነፃ ማስተካከል ግዴታ የሆነው በ1974 በተደረገ ማሻሻያ ነው። እሱም ቢሆን የዕድሜ ገደብ ነበረው፦ መጀመሪያ 8 ዓመት፣ በ2000 ወደ 10፣ በ2015 ወደ 15 ዓመት ከፍ አለ። የሚቆጠረው መኪናው ለመጀመሪያ ባለቤቱ ከተሸጠበት ቀን አንስቶ የሪኮሉ ማስታወቂያ እስከ ወጣበት ቀን ነው። በ2009ና በ2010 የተሸጡ ፕሪየሶች ይህን ገደብ አልፈዋል። ነገ አዲስ ጉድለት ቢገኝባቸው ኩባንያው በነፃ እንዲሠራ ሕጉ አያስገድደውም። ቀድሞ የወጣው ጥሪ ግን አሁንም የናንተ ነው።

አሁን ወደ ፕሪየሱ እንምጣ። ሃይብሪድ መኪና ውስጥ ኢንቨርተር የሚባል ክፍል አለ። የባትሪውን ኃይል ተቀብሎ ሞተሩ ወደሚፈልገው ዓይነት ይለውጣል። በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ 200 ቮልት ገደማ የነበረው እስከ 650 ቮልት ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ሙቀት አለው። በፌብሩዋሪ 2014 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ 1.9 ሚሊዮን ፕሪየስ ጠራ። ምክንያቱ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉ ትራንዚስተሮች ከመጠን በላይ ሊግሉና ሊበላሹ መቻላቸው ነበር። መድኃኒቱ የሶፍትዌር ለውጥ ሆነ።

በዚህ አላበቃም። በኦክቶበር 2018 ኩባንያው 2.4 ሚሊዮን ሃይብሪዶችን ጠራ፤ ቀደም ሲል ተጠርተው የነበሩ መኪኖች እንደገና ማለት ነው። የመጀመሪያው ማስተካከያ ያላሰበው ሁኔታ ተገኘ፦ መኪናው ችግር ሲያጋጥመው በቀነሰ ጉልበት ወደ ዳር መውጣት ሲገባው፣ አልፎ አልፎ ኃይሉን ጨርሶ አጥቶ መሀል መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። በ2020 ደግሞ ሌላ 752 ሺህ ተጠሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይሄ ነው።

ስለዚህ የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም። «ሶፍትዌሩ ከተቀየረ ወዲህ መኪናዬ ጉልበት ቀነሰ» ያሉ ባለቤቶች ነበሩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ራሱ የቶዮታ ዲለር የሆነ ነጋዴ ማስተካከያው በቂ አይደለም ብሎ ኩባንያውን ከሷል።

ታዲያ እንተወው? አይመስለኝም። «አርጅቷል፣ ይቅርበት» የሚለውን ሐሳብ የታካታ ኤርባግ ታሪክ ያፈርሰዋል። ቶዮታን ጨምሮ በብዙ ኩባንያዎች መኪኖች ውስጥ የተገጠመው ይህ ኤርባግ፣ ውስጡ ያለው ፈንጂ ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ከዓመት ዓመት እየተበላሸ፣ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ይረጭ ነበር። አሜሪካ ውስጥ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባግ ተጠራ፤ እዚያው ብቻ ከ20 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ መሀል ተጠርቶ ባልተሠራ መኪና ውስጥ የነበሩ አሉ። መኪናው ባረጀ ቁጥር አደጋው ይብሳል እንጂ አይቀንስም። የፕሪየሱም ጉዳይ ያው ነው፦ ጉልበት ትንሽ ቢቀንስ ይከፋል፣ በሀይዌይ ላይ ከኋላ ትራክ እየመጣ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

እና ምን እናድርግ? ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ ቁጥር የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ፤ በነፃ ነው። ያልተሠራ ካለ ሥራ በማይበዛበት ቀን ቀጠሮ ያዙ። ሲጨርሱ የተሠራውን የሚገልጽ ወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ኢንቨርተሩ በኋላ ቢበላሽ የምትከራከሩት በዚያ ወረቀት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ደብዳቤው የሚላከው በተመዘገበው ባለቤት አድራሻ ነው። መኪናው ተሽጦ ባሕር ከተሻገረ ደብዳቤው አብሮት አይሄድም፣ የአሜሪካው ሕግም አይከተለውም። ወደ አገራችን ሲገቡ ከኖሩት መኪኖች ብዙዎቹ ያገለገሉ እንደነበሩ ታውቃላችሁ። አሮጌ መኪናችሁን ለውጭ ገዢ የምትሸጡ ወይም ለዘመድ የምትልኩ ካላችሁ ሪኮሉን ጨርሱና ስጡ። ተቀባዩ እዚያ ማንን ይጠይቃል?

ፕሪየስ ለሚነዳ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።