የማይዋሐዱ ሰንሰለቶች

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች «ፖሊመር» የሚል ቃል ስንሰማ «ይኼስ የሳይንስ ፋኩልቲ ጉዳይ ነው» ብለን እናልፋለን። ይሁንና ነገሩ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪክ ካለው ደግሞ የኛም ነው።

በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤየሪንክ የተባለው የሆላንድ ማይክሮባዮሎጂስት ጄላቲንና አጋር የሚባለውን የባሕር አረም ሙጫ በውኃ አሟሙቶ ደባለቀ። ሁለቱም ለየብቻቸው በሙቅ ውኃ ይሟሟሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱ በሌላው ውስጥ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ተለየ። ታዲያ ለምን? ዓይን ያየውን የሚያስረዳ ሐሳብ ገና አልተወለደም ነበር።

ሐሳቡ በ1920 መጣ። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ሽታውዲንገር፣ ጎማና ስታርች የመሳሰሉት ነገሮች እጅግ ረጃጅም ከሆኑ የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠሩ ናቸው አለ። ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ ግን «የትናንሽ ሞለኪውሎች ክምችት እንጂ ሌላ አይደለም» ብለው ሞገቱት። የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1953፣ ማለትም ከ33 ዓመት በኋላ ነው።

ሰንሰለቱ ከታመነ ወዲያ ስሌቱ ተከተለ። በ1941 እና በ1942 ፍሎሪና ሃጊንስ የተባሉ አሜሪካውያን ለየብቻቸው አወጡት። ቁም ነገሩ እንዲህ ነው፦ ምስርና ሽንብራ በሰፌድ ላይ ቢደባለቁ ፍሬዎቹ የሚደረደሩበት መንገድ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ትናንሽ ሞለኪውሎችን የሚያደባልቃቸው በአብዛኛው ይኸው ነው። ፍሬዎቹን እንደ መቁጠሪያ በረጅም ክር ብንሰካቸውስ? አንዱ ፍሬ ከጓደኞቹ ጋር ታስሯልና እንደ ልቡ አይሄድም። መደባለቅ የሚያስገኘው ነጻነት ኢምንት ይሆናል። በአንጻሩ በሁለቱ ዓይነት መካከል ያለች ጥቂት አለመስማማት በየፍሬው እየተደመረች ታይላለች።

በ1947 ዶብሪና ቧዬ-ካዌኖኪ የተባሉ ተመራማሪዎች 35 ያህል ጥንዶችን አሟሙተው ሲፈትኑ አብዛኞቹ ተለያዩ። እንግዲህ ደንቡ መለያየት ሆኖ ተገኘ። የሚስማሙም አልጠፉም፦ ፖሊስታይሪንና ፖሊፌኒሊን ኦክሳይድ ፍጹም ተዋሕደው ከ1966 ጀምሮ «ኖሪል» በሚል ስም ለገበያ ቀርበዋል።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ይነካናል? ፌስታል ከፖሊኤቲሊን፣ ማዳበሪያ የምንለው ነጭ ጆንያ ደግሞ ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራል። ሁለቱ የቅርብ ዘመድ ይመስላሉ። እንዲያው በአንድነት ቢያቀልጧቸው ግን አይዋሐዱም፤ የሚወጣው ዕቃ በመጋጠሚያው ይሰነጠቃል። አሮጌ ፕላስቲክን መልሶ ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ መለየት፣ አለዚያም ሁለቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛ ነገር መጨመር ግድ ይሆንበታል። ቤየሪንክን ያስገረመው ጥያቄ ዛሬ በየሰፈራችን ቆሻሻ ክምር ላይ ተቀምጧል፤ ማማሰል ብቻውን አይመልሰውም።