አማካዩ የት ይሂድ?

በእንግሊዝ ከሙያ ሊጎቹ በታች ባለው እግር ኳስ የተለመደ ነገር ነው፤ ዕድሜውን በመሐል ሜዳ የጨረሰ አማካይ ጫማውን ሲሰቅል የአንዲት ትንሽ ከተማን ቡድን ያሰለጥናል። ክፍያው ጥቂት ስለሆነ ቀን ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ከተማዋ የራሷ ቡድን ስላላት ግን ዕውቀቱ ማረፊያ አያጣም። በእኛ አገር ግን ከአዋሽ ተነስቶ ሚሌንና ሰመራን አልፎ ወደ ዲቾቶና ጋላፊ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ልማድ አልተተከለም። ሙቀቱ ነው የሚሉ አይጠፉም፤ ድሬዳዋና መተሐራም ሞቃት ናቸው፤ ሁለቱም ግን በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ የተጫወቱ ቡድኖች ነበሯቸው። እኔ የማየው ሌላ ምክንያት ነው፦ በኢትዮጵያ ቡድንን ያቋቋመው በአብዛኛው ቀጣሪ እንጂ ከተማ አልነበረም፤ አሰልጣኙም የቀጣሪው ጥገኛ ሆኖ ቀረ።

ለዚህ ከሉቺያኖ ቫሳሎ የተሻለ ምስክር የለም። በ1935 እ.ኤ.አ. አሥመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው ይህ አማካይ የተጫወተው ለድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር ነበር፤ ስሙ እንደሚናገረው የፋብሪካ ቡድን፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠነው ብሔራዊ ቡድን አምበል እሱ ነበር፤ ከአራቱ ጎሎችም አንዱ የእሱ፣ ሌላው የወንድሙ የኢታሎ ነው። ኋላ ብሔራዊ ቡድኑን እስከ ማሰልጠን ደረሰ። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ሲወጣ ግን የሚተማመንበት ጋራዥ እንጂ ሜዳ አልነበረም፤ በሮም አጠገብ ኦስቲያ መኪና እየጠገነ የልጆች የእግር ኳስ ትምህርት ቤት አቋቋመ። ያሰደደው ፖለቲካ እንጂ የክለብ አወቃቀር አይደለም ቢባል ልክ ነው። ሆኖም የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳ ሰው ዕውቀቱን ለሰፈር ልጆች የሚያካፍልበትን ተራ ቦታ ያገኘው ባሕር ማዶ መሆኑ ስለ ቤታችን አንድ ነገር ይናገራል።

የአዋሽ ሸለቆ ራሱ ይህንኑ ያሳያል። ከላይ በኩል ወንጂና መተሐራ የስኳር ፋብሪካ ነበራቸው፤ ቋሚ ሠራተኛ፣ የሠራተኛ መኖሪያ፣ ሜዳና ቡድንም ተከተለ። ከታች ዱብቲ ላይ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አቋቋመ። ጥጥ ለቀማ ግን የወቅት ሥራ ነው፤ ለቃሚው ከደጋ ይወርዳል፣ ለቀማው ሲያልቅ ይመለሳል። የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ ከእርሻው ያገኘው ሥራ ሳይሆን የግጦሽ መሬት ማጣት ነበር። በዚህ መሬት ላይ ቡድን ሥር ሊሰድ አይችልም ነበር።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብን የመሠረቱት ወጣቶች እንጂ ቀጣሪ አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እሱ ግን የዋና ከተማ ልጅ ነው፣ ብዙ ደጋፊ አለው። ዛሬ በየክልሉ «ከተማ» ወይም «ከነማ» የሚባሉ ቡድኖች አሉ አይደል? አሉ፤ ነገር ግን ስማቸው የከተማ ይሁን እንጂ የሚኖሩት በአስተዳደሩ በጀት ነው፤ በጀት ሲጠብ ወይም ውጤት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰናበተው አሰልጣኙ ነው። ፋብሪካው በማዘጋጃ ቤት ተተካ እንጂ ጥገኝነቱ አልተለወጠም።

ዲቾቶ ላይ ገንዘብ የለም ማለት ደግሞ አይቻልም። ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደውና ከዚያ የሚመጣው ጭነት ብዙው በዚህ መንገድ ያልፋል። ያልፋል እንጂ አይቆምም፤ ሾፌሩ ምሳውን በልቶ፣ ጎማውን አስነፍቶ ይሄዳል፣ የመኪናው ባለቤትም ቢሮው ሌላ ከተማ ነው። ምግብ ቤቱ፣ ጎሚስታውና ባለሱቁ ግን እዚያው ናቸው። በዚያ ከተማ ቡድን ቢነሳ ደመወዝ ከፋዮቹ እነሱ ይሆናሉ፤ እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አስተዳደርም ፌዴሬሽንም አላየሁም።