ከእናቶቻችን ጓዳ እስከ ኮዝሞ ሲቲ

የማኅበራችንን 10ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በተዘጋጀችው በዚህች መጽሔት ስለ መሪዎቻችን፣ ስለ ስብሰባዎቻችንና ስለ መዋጮው ሌሎች ጽፈዋል። እኛ ደግሞ በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ አንድ ታሪክ ለማንሣት ወደድን። ይኸውም በኮዝሞ ሲቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ትንንሽ ልጆቻችንን በአነስተኛ ገቢ እንዴት እንዳሳደግን፣ ጥበቡንም ከማን እንደተማርን የሚያወሳ የጓዳ ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ወሩ ሳይሞላ ገንዘብ ያለቀበት፣ በእጁም ጨቅላ ሕፃን የያዘ ሰው ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። የቤት ኪራይ አለ፤ የሱቅ ዕዳ አለ፤ አገር ቤት ደግሞ እጅ እጃችንን የሚያዩ ወላጆች አሉ። ሕፃን ግን "ነገ አበላሃለሁ" አይባልም።

የእናቶቻችን ጓዳ

እናቶቻችን ስለ ቁጠባ ከመጽሐፍ አልተማሩም። እነርሱ ባልትና ነው የሚሉት። ጋቢ ሲያረጅ ይቀደድና መታቀፊያ ይሆናል፤ ነጠላ ከብዙ እጥበት በኋላ ሲለሰልስ የሽንት ጨርቅ ይወጣዋል። የተረፈ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል፤ ከፍርፍር ያለፈው ደግሞ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ተብሎ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። የበኩሩ ልብስ ለታናሹ፣ ከታናሹም ለጎረቤት ልጅ ይተላለፋል። ከውጭ የሚመጣው ሰልባጅም ቢሆን በእናቶች እጅ ተፈትቶ፣ ጠቦ፣ አጥሮ እንደ አዲስ ይለበስ ነበር።

ስለ ሕፃናት ምግብ ካነሣን ፋፋን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በአዲስ አበባ የተቋቋመ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል፣ ከውጭ የሚገባውን የሕፃናት ምግብ መግዛት ለማይችሉ ቤተሰቦች የሚሆን ዱቄት ለማዘጋጀት ተነሣ። መሠረቱ በአገር የሚገኝ እህልና ጥራጥሬ ሲሆን፣ የዱቄት ወተት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨመረበት። ልጅ እንዲፋፋበት ታስቦ ስሙም "ፋፋ" ተባለ። የፋፋ ትምህርት እስከ ዛሬ ይጠቅመናል። እህልና ጥራጥሬ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ስለዚህ የሕፃን ገንፎ ጠንካራ እንዲሆን የግድ ውድ መሆን የለበትም።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ የቀበሌ ሱቅ ዘመን መጣ። ስኳርና ሳሙና በራሽን ሆኑ። በዚያ ሰልፍ ላይ ያደግን ሰዎች እንደምናስታውሰው፣ አራስ ያለችበት ቤት ስኳር ሲያልቅበት ጎረቤት ከድርሻው ቆንጥሮ ይልክ ነበር። የገንፎውና የአጥሚቱ ነገርም እንዲሁ ነው። አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ዱቄት፣ አንዷ ጉልበቷን ይዛ ትመጣለች። ዕቁቡ በበኩሉ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ የማይቻለውን ለሁሉም በየተራ ያስችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ በከንቱ አይደለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከእነዚህ ዘዴዎች መካከል በአንድ ቤት ብቻ ተጀምሮ የሚያልቅ እምብዛም የለም። የእናቶቻችን ቁጠባ የሚሠራው በጎረቤት ነበር።

ኮዝሞ ሲቲ ስንገባ

ኮዝሞ ሲቲ ራሷ ወጣት ከተማ ናት። ከጆሃንስበርግ መሃል በሰሜን ምዕራብ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡባት በ2005 መጨረሻ ነው። ከነርሱም ብዙዎቹ ቀድሞ በዜቨንፎንቴንና በሪቨርቤንድ የቆርቆሮ ሰፈሮች ይኖሩ የነበሩ ናቸው። መንግሥት በነጻ የሰጣቸው ቤቶች፣ በከፊል የተደጎሙና በባንክ ብድር የተገዙ ቤቶች በአንድ ከተማ ውስጥ ጎን ለጎን እንዲሆኑ ተደርጎ ታቀደ። ለመንገዶቿም የዓለም አገሮችና ከተሞች ስም ተሰጣቸው።

እኛ የገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያረፍነው በጄፒ ነበር። የጄፒ መንገድ በ2014 ራሂማ ሙሳ ተብሎ ስሙ ቢለወጥም እኛ ዛሬም ጄፒ እንለዋለን። ከዚያ ዕቃ ተሸክመን በየሰፈሩ ዞርን፤ ጥቂት ስንይዝ እዚህ መጥተን አነስተኛ ሱቅ ከፈትን። አባወራው ከንጋት እስከ ምሽት ሱቅ ውስጥ፣ እመቤቲቱ ልጅ ታቅፋ ከኋላ ክፍል ሆነች። በግንቦት 2008 ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ በተዛመተው በውጭ አገር ሰዎች ላይ ባነጣጠረ ጥቃት 62 ሰዎች መሞታቸው ይታወሳል። ከዚያ በኋላ በሩን ቆልፎ መዋል ልማድ ሆነብን። ቋንቋውን አናውቅም፤ ጎረቤትን እንፈራለን።

በዚህ ጊዜ ነው ቁጠባችን የተበላሸው። ከመካከላችን አንዲት እናት የዱቄት ወተት አልቆባት፣ ባሏን ማስቸገር አሳፍሯት፣ በሱቁ ውስጥ የሚሸጠውን የቡና ክሪመር በጡጦ እየበጠበጠች ለስምንት ወር ልጇ ትሰጠው ጀመር። ነጭ ነው፤ ይጣፍጣል፤ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። ነገር ግን ክሪመር ወተት አይደለም፤ ከአትክልት ዘይትና ከጣፋጭ ነገር የሚሠራ ነው። ልጁ እየከሳ ሄደ። ይህን ያየችው ከአጥር ማዶ የምትኖር አንዲት የአገሩ አሮጊት ነበረች። ልጁን ካቀፈችው በኋላ ጡጦውን አሸተተችና እናቲቱን እጇን ይዛ ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት። ልጁ ዳነ። ዛሬ በማኅበራችን የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ይጫወታል።

ይህን የምንጽፈው እናቲቱን ለመውቀስ አይደለም፤ እርሷም ለሌሎች ይጠቅማል ብላ ፈቅዳልናለች። ጥፋቱ የሁላችንም ነው። አንዲት እናት ወተት ሲያልቅባት የምታንኳኳው በር አልነበራትም።

ከአገሩ ሰዎች የተማርነው

ያቺ አሮጊት በኋላ ብዙ አስተማረችን። "ስቶክቬል" የሚሉት ማኅበር የእኛው ዕቁብ ወንድም መሆኑን ያወቅነው ከእርሷ ነው። ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ኬፕ ይካሄዱ ከነበሩት የከብት ገበያዎች የመጣ ነው ይባላል። በየወሩ ያዋጣሉ፤ ብዙዎቹም በዲሴምበር ዱቄቱን፣ ዘይቱንና ባቄላውን በጅምላ ገዝተው ይከፋፈላሉ። አማሲ የሚሉት የረጋ ወተት ከእርጎአችን፣ ሞሮጎ የሚሉት ቅጠል ከጎመናችን ብዙም እንደማይርቅ አየን።

ሌላም የተማርነው ነገር አለ። በደቡብ አፍሪካ የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1991 ሲጀመር በምግብ ላይ መጣሉ ሠራተኛውን እጅግ አስቆጣ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 4 እና 5 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ተቃወሙ። ከታክስ ነጻ የሆኑት ምግቦች ዝርዝርም በኋላ እየሰፋ መጣ። ዛሬ ታክሱ 15 በመቶ ሲሆን ምስር፣ ደረቅ ባቄላ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዱቄት ወተት፣ ቡናማ ዳቦ፣ የአትክልት ዘይት፣ ያልተቀነባበረ አትክልትና ፍራፍሬ ይህ ታክስ የለባቸውም። ክሪመርና ለስላሳ መጠጥ ግን ታክስ አለባቸው። ስለሆነም አስቤዛችን በዚህ ዝርዝር ላይ ሲመሠረት፣ ሌሎች ታግለው ባስገኙት መብት እየተጠቀምን መሆኑን አንርሳ።

የጤፍም ነገር ያስገርማል። ጤፍ ደቡብ አፍሪካ የገባው ከእኛ በፊት፣ ከ100 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። የገባው ግን ለእንጀራ ሳይሆን ለከብትና ለፈረስ መኖ ነበር። እኛ ድርቆሽ ስንል በሌማት ያለውን እንጀራ እናስባለን፤ የእዚህ ገበሬ ግን የጤፉን ሣር አጭዶ የሚከምረው ለከብቶቹ ድርቆሽ ነው። በ2006 የኢትዮጵያ መንግሥት የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲያግድ ደግሞ በውጭ ለምንኖረው ዋጋው ይበልጥ ከበደ። አንዳንዶቻችን ንጹሕ ጤፍ ካልሆነ ብለን ዱቤ ገባን። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚለውን ተረት እየተረትን ያደግን ሰዎች ቃል በቃል ፈጸምነው! በኋላ ጤፉን ከማሽላና ከሩዝ ዱቄት ጋር መቀላቀል ለመድን። ልጆቻችንም አንድም ቀን አላጉረመረሙም።

በማኅበራችን ዓመታት

ማኅበራችን ሲመሠረት ለሐዘንና ለችግር ጊዜ ነበር። ውሎ አድሮ ግን እናቶች በስብሰባው ማግሥት ለብቻቸው መገናኘት ጀመሩ። መጀመሪያ የልጆች ልብስ የሚሰበሰብበት አንድ ካርቶን ተቀመጠ፤ ልጁ ያደገበት ያመጣል፣ የተወለደለት ይወስዳል። ቀጥሎ የእናቶች ዕቁብ ተጀመረ። ለምሳሌ 12 እናቶች በወር 200 ራንድ ቢጥሉ ለባለ ዕጣዋ 2,400 ራንድ ይደርሳታል። የጃንዋሪው ዕጣ ልጇን አንደኛ ክፍል ለምታስገባ እናት እንዲሆን ተስማማን፤ የትምህርት ቤት ልብስና ደብተር በዚያ ወር ነውና የሚገዛው።

መብራት በየቀኑ ለሰዓታት ይጠፋ በነበረበት በ2022 እና በ2023 ደግሞ ሌላ ዘዴ ተስፋፋ። ባቄላውን አስቀድሞ ዘፍዝፎ፣ 15 ደቂቃ ያህል በደንብ አንተክትኮ፣ ድስቱን እንደተከደነ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ለ4 ሰዓት ያህል መተው ነው። በውስጡ የቀረው ሙቀት ያበስለዋል። በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተው "ወንደርባግ" የሚባለው ከረጢት በ2008 የተፈለሰፈው እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ነው። እኛ ግን አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃናል።

ለአዲስ ወላጆች

ከላይ ከተተረከው ታሪክ ለአዲስ ወላጆች ይጠቅማሉ ያልናቸውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ/ እንጀራ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሦስት ቤት ሆኖ ተራ በተራ መጋገር። ምጣዱ ብዙ መብራት የሚበላው መጀመሪያ ሲግል ነው።

2ኛ/ ቀን የሽንት ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ላይ ዳይፐር መጠቀም። ጨርቁ በፈላ ውኃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ።

3ኛ/ ምስርና ሽሮ በጅምላ ገዝቶ መከፋፈል። ገንፎውም ሁልጊዜ እህልና ጥራጥሬ የተቀላቀለበት ይሁን።

4ኛ/ በብርድ ልብስ የበሰለ ምግብ ለሕፃን ከመሰጠቱ በፊት እንደገና ይፍላ።

5ኛ/ ልብስ ከመግዛት በፊት የማኅበሩን ካርቶን መመልከት።

የማይቆጠብባቸውም ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የእናት ምግብ ነው። እስከ 6 ወር ለሕፃኑ የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል፤ ከዚህ የሚረክስ ምግብ የለም፤ ነገር ግን የምታጠባ እናት ራሷ መብላት አለባት። የዱቄት ወተት የሚጠቀም ቤተሰብም በቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው ልክ በላይ በውኃ እንዳያቀጥነው። ሁለተኛው ክትባትና ሕክምና ነው። ከ1994 ጀምሮ በመንግሥት የጤና ተቋማት ከ6 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ሕክምና በነጻ እንዲሆን ተወስኗል። ከመካከላችን ወረቀቷ ስላልታደሰ ከአንድ የጤና ተቋም በር የተመለሰች እናት አለች። ከዚያ ወዲህ ቋንቋ የሚያውቅ አንድ አባል አብሮ እንዲሄድ ልማድ አድርገናል። ሦስተኛው አየር ነው። በክረምት ለሙቀት ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ወይም ፓራፊን ማንደድ ሕይወት ያስከፍላል።

ውድ አንባቢያን፣ በእነዚህ 10 ዓመታት ስንት ራንድ እንደተቆጠበ በመዝገብ አልያዝንም። አንድ ነገር ግን እናውቃለን። ዛሬ በኮዝሞ ሲቲ ወተት ያለቀባት ኢትዮጵያዊት እናት የምታንኳኳው በር አላት። አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦችም አትፈሩ፣ አትፈሩም፤ በሩን አንኳኩ። ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን።