ጎሬ፦ ሥራዋን የተነጠቀች ከተማ

ጎሬ አንድ ሰሞን የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ነበረች ብትሉ ጓደኞቻችሁ ይስቁባችኋል። ይሳቁ፤ እውነት ግን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ሲሰደዱ፣ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠው እዚያ ኢሉባቦር ውስጥ ነው። ጣሊያን ጎሬ የገባው በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነበር።

ለምን ጎሬ? በር ስለነበራት! በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ አገኙ። የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ በቡሬ በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ ክረምት ባሮ ሲሞላ ደግሞ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄዳል። በመልሱ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። ግሪኩም ሶርያዊውም ጎሬ ላይ ነገደ፤ እንግሊዝም ቆንስላ ከፈተች።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የእንግሊዞች ጣቢያ አበቃለት፤ ቡናውም ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መኪና መንገድ አዞረ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ 47 መጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ተከራዩ እፎይ አለ፤ ነገር ግን የቀበሌ ቤት ኪራይ ጣሪያ ለማደስ እንኳ አይበቃም ነበር። በዚያው በደርግ ዘመን ዋና ከተማነቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው መቱ ሄደ። ቢሮው ሲሄድ ሠራተኛው፣ ሠራተኛው ሲሄድ ሻይ ቤቱ ይከተላል።

ከሶሻሊዝም በኋላ ከተማ ሲያንስ ያየነው እኛ ብቻ አይደለንም። የጀርመኗ ላይፕዚግ የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ባሉት አስር ዓመታት ወደ 90 ሺህ ነዋሪ አጣች። ጀርመኖች ግን ነገሩን በስሙ ጠሩት፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ባዶ አፓርታማ ለማፍረስና አሮጌውን ለማደስ በጀት መደቡ። የኛ ከተማ የምታንሰው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሥራዋ ነው። ለዚህ ግን ስም አላወጣንለትም። ማስተር ፕላን ስንል የሚታየን አዲስ መንገድና አዲስ ሰፈር ብቻ ነው።

መቱስ ብትሆን? ጋምቤላ ራሱን ችሎ ወጣ፤ በኋላም ቡኖ በደሌ የራሱ ዞን ሆነ። መቱ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ እሰየው! ግን ጎሬም በጊዜዋ መርከብ ነበራት። በአንድ ቢሮ ወይም በአንድ በር ላይ ብቻ የቆመች ከተማ፣ ያ ነገር የሄደ ቀን ምን ትሆናለች? ለመቱ ፕላን የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ ጎሬ ወጥቶ ይደር እላለሁ።

ቸር እንሰንብት።